ተተኪ የኅብረተሰብ ጤና መሪ ከየት ይመጣል? ከምሥራቅ ጎጃም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን ያቀረቡት በምሥራቅ ጎጃም የአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ሥራ ለቀውባቸዋል። የቀሩትን ወደ አመራር ሥልጠና ቢልኩም አበልና የምስክር ወረቀት ይዘው ከመመለስ በቀር በሥራቸው ላይ የታየ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ተስፋ የጣሉባት የ26 ዓመት ጤና መኮንን የማስተርስ ትምህርት ዕድል አግኝታ እንዲለቋት እየጠየቀቻቸው ነው። «እኛ ነገ ጡረታ እንወጣለን፤ ተተኪ መሪ የምናፈራው በምን መንገድ ነው? ልጅቱንስ ልልቀቃት ወይስ ላቆያት?» ይላሉ።

ክቡር ሆይ፣ ዋናውን ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጥ። አንድ ወጣት ባለሙያ መሪ የሚሆነው መጠኑ ትንሽ፣ ይዘቱ ግን ሙሉ የሆነ ኃላፊነት ተሰጥቶት፣ ሥራውንም በየጊዜው ቁጭ ብሎ የሚያርምለት ሰው ሲያገኝ ነው። በወረዳዎቻችን ሥልጠና አልጠፋም፤ የጠፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንኑ ለማብራራት ሲሆን፣ ምሳሌዎቼም በአብዛኛው በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ካሳለፍኋቸው ዓመታት የተወሰዱ ናቸው።

ያሉበት አገር ይህን ዘዴ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። በዋሸራም ሆነ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ቤት ተማሪው የግእዝ ግስ አጥንቶ ወደ ቆጠራ፣ ማለትም ራሱ ቅኔ ወደ መድረስ፣ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሆኖም ምሥጢር ይፈለግበታል፣ ቤት ይመታል፣ ዜማው ይጠበቃል። የሚያንሰው በርዝመቱ እንጂ በሙሉነቱ አይደለም። ተማሪው የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ የተጣመመውን ያቃናለታል፣ በማግሥቱም ሌላ አዲስ ቆጥሮ ይቀርባል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ራሱ ገና እየተማረ ሳለ ታናናሾቹን ያስቆጥራል። እኛ ግን ወጣቱን ጤና መኮንን ለሦስትና ለአራት ዓመት በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል አስቀምጠን አንዲት ጉባኤ ቃና ሳናስቆጥረው እንቆያለን፤ ከዚያም አንድ ቀን በአንድ ገጽ ደብዳቤ የጤና ጣቢያ ኃላፊ እናደርገውና መወድስ እንዲያወርድ እንጠብቅበታለን።

የሙያው ታሪክም ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል። የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የደምቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ካጣ ጥቂት ቆይቶ ነው። የኮሌጁ ዓላማ በሆስፒታል ተቀምጦ የሚያክም ሰው ማፍራት አልነበረም። ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና በዚያ ዘመን ሳኒቴሪያን ይባል የነበረውን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ጎን ለጎን አሠልጥኖ፣ ሦስቱ በአንድ ጤና ጣቢያ እንደ አንድ ቡድን የአንድን አካባቢ ሕዝብ ጤና እንዲረከቡ ለማድረግ ነበር። የቡድን ሥልጠናው ዛሬም በልዩ ልዩ መልኩ በዩኒቨርሲቲዎቻችን አለ። ተመራቂ ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ጤና ጣቢያ ዙሪያ ተመድበው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ መጸዳጃ ቤትና የውኃ ምንጭ ይቆጥራሉ፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል አስቀምጠው ለቀበሌው ያቀርባሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ልምምድ በምረቃው ማግሥት መቆሙ ነው። ያ ተማሪ በአራተኛ ዓመቱ የአንድ ቀበሌን ሕዝብ በሙሉ ያስብ ነበር፤ ተቀጥሮ ከመጣ በኋላ ግን የሚያስበው በሩ ላይ ስለተሰለፉት ሕሙማን ብቻ ይሆናል፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም።

ወደ ራሴ ልምድ ልመለስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ስመደብ ዕድሜዬ 27 ነበር። ርክክቡ ግማሽ ቀን ፈጀ። ማኅተም፣ የቢሮና የመጋዘን ቁልፍ፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ ሁለት የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የወንበርና የጠረጴዛ ዝርዝር ተረከብሁ፤ የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞቹ፣ ሞዴል 19ና ሞዴል 22፣ አንድ በአንድ ተቆጠሩ። ከአምስቱ ቀበሌዎች የትኛው ውኃ እንደሚቸግረው፣ የትኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስንት ወር ያለ ጓደኛ ብቻዋን እንደሠራች፣ ካንዱ የቀበሌ ሊቀ መንበር ጋር የቆየው ቂም በምን እንደተነሣ የነገረኝ ግን አልነበረም። የነበሩት ኃላፊ ሰባት ዓመት ያካበቱትን ዕውቀት በጭንቅላታቸው ይዘው ሄዱ፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት የክትባት ማቀዝቀዣውን የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ አየሁ። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መሆን ስላለበት ጠዋትና ማታ ተነብቦ ይጻፋል። በቅጹ ላይ ከወሩ መባቻ ጀምሮ ያለው ቁጥር «4» ብቻ ነበር፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት አጣጣል። ይህስ ይሁን፤ ዕለቱ ማክሰኞ ሆኖ ሳለ ቅጹ እስከ ዓርብ ድረስ ተሞልቶ ነበር። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን ሳይ 11 ይላል። ጠርሙሶቹን አውጥተን እያንዳንዳቸው ላይ ያለውን የሙቀት ምልክት ተመለከትን። ውስጠኛው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ክብ ገርጣ ብሎ የሚታየውን አቆየን፤ ከክቡ እኩል የጠቆረውን ወይም ያለፈውን አስወገድን። ከዚያም ተናድጄ ለክትባት ነርሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ለወረዳውም ግልባጭ አደረግሁ፤ ነገሩን የፈታሁ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ወር ቅጹን ሳይ 4፣ 5፣ 4፣ 6፣ 5 እያለ ይወርዳል። ነርሷ ያሻሻለችው አሞላሏን ነበር። ደብዳቤውን ትተን ቁጭ ብለን ስንነጋገር ነገሩ ተገለጠልኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ለጀነሬተሩ ነዳጅ ትጠይቃለች፤ ፋይናንስ «በዕቅድ አልተያዘም» ብሎ ይመልሳታል። 11 ብላ ብትጽፍ ተጠያቂዋ እርሷ ናት፤ 4 ብላ ብትጽፍ ማንም ምንም አይላትም። እኔም በማስጠንቀቂያዬ ያጸናሁላት ይህንኑ ትምህርት ነበር። ከሁሉም የሚገርመኝ በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ሁለት የድጋፋዊ ክትትል ቡድኖች መጥተው መሄዳቸው ነው። ሁለቱም በቼክሊስታቸው ላይ «የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ ተሞልቷል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብለው ምልክት አድርገዋል። መሙላቱንስ ተሞልቷል፣ እስከ ዓርብ ድረስ። በመጨረሻ የነዳጁን ጉዳይ ለጤና ጣቢያው ቦርድ አቅርቤ ከውስጥ ገቢ እንዲገዛ አስወሰንሁ፤ ከዚያ በኋላ በቅጹ ላይ አልፎ አልፎ 9 እና 10 መታየት ጀመረ፤ እኔም ደስ አለኝ። አንድ ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ተቀምጦ «ይህች ሴት 11 ብላ እንድትጽፍ ምን ያስፈልጋታል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሁለት ወር ባልፈጀብኝ። እርማት የምለው ይህን ነው።

ጥሩ እርማት ምን እንደሚመስል በወባ ላሳይ። የወባ ሕሙማን ቁጥር በየሳምንቱ ሪፖርት ይደረጋል፤ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይም የወረርሽኝ መከታተያ ሰንጠረዥ መኖር አለበት። አሠራሩ ቀላል ነው። ያለፉትን አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ትወስዳላችሁ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ትደረድራላችሁ፣ ከላይ ሁለተኛው ቁጥር የማስጠንቀቂያ ወሰን ይሆናል። ለምሳሌ ያህል በ40ኛው ሳምንት፣ ማለትም በመስከረም ማብቂያ፣ ያለፉት አምስት ዓመታት ቁጥሮች 12፣ 19፣ 9፣ 31 እና 22 ናቸው እንበል። ሲደረደሩ 9፣ 12፣ 19፣ 22፣ 31 ይሆናሉ፤ ወሰኑም 22 ነው። በዚህ ሳምንት 27 ሰው ከተገኘ መስመሩ ታልፏል ማለት ነው። የአምስት ዓመት መረጃ የሌለው ጤና ጣቢያ ያለፈውን ዓመት ቁጥር በእጥፍ አድርጎ በወሰንነት ይጠቀማል።

ነጥቡን በሰንጠረዡ ላይ ማስቀመጥ የመዝጋቢ ሥራ ነው። አራሚው ግን ወጣቷን ባለሙያ «ሃያ ሰባቱ ከየትኞቹ ጎጦች መጡ? የተገኙት ከስንት ተመርማሪ ነው? ባለፈው ሳምንት የመመርመሪያ ኪት አልቆ ሰው ሳይመረመር ተመልሶ እንደሆነስ? ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው የተመለሱ ወጣቶች ይኖሩበታል? ሕፃናትና ሴቶች በብዛት ካሉበት ግን በሽታው እዚሁ እየተላለፈ አይደለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃታል። እነዚህን ጥያቄዎች አራት አምስት ጊዜ የተጠየቀች ባለሙያ በስድስተኛው ራሷ ጠያቂ ትሆናለች። በደጋው ጫፍ ላሉ ወረዳዎች ይህ ተራ ልምምድ አይደለም። ከ1950 ክረምት እስከ 1951 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች የተነሣው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን ገድሏል። ወባን ያልለመደ የወይና ደጋ ሕዝብ የመከላከል አቅም ስለሌለው ዝናቡና ሙቀቱ ሲገጥሙ የሚያልቀው በሳምንታት ውስጥ ነው። በግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ሰኞ ዕለት የሚያይና የሚደነግጥ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የመስመሩ ጉዳይ ግን የመሪነት ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ጤና ጣቢያው ብቻውን ሊፈታው የማይችለውን ችግር ይዞ ከግቢው መውጣት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከእግር እብጠት በሽታ፣ ከፖዶኮኒዮሲስ፣ የተሻለ ማስተማሪያ በጎጃም አላውቅም። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች በተደረገ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ 3.3 በመቶ ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ተገኝቷል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳው ገብተው የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስሉበታል፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል። ትንኝ አያስተላልፈውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በአንዳንድ ቤተሰብ ስለሚበዛ ግን ሕዝቡ «የዘር ነው» ይላል፤ በዚህም የተነሣ ታማሚው ብቻ ሳይሆን እኅቱም ባል ታጣለች።

በሽታውን መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ይህን ለማንም ነርስ ብትነግሩት ያውቀዋል፤ ነገር ግን ጫማው በጤና ጣቢያው ፋርማሲ አይገኝም፣ ሳሙናውም በክኒን መልክ አይሰጥም። ስለዚህ ወጣቱ ባለሙያ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር ስለ ሕፃናቱ ጫማ፣ ከቀበሌው ጋር ስለ ውኃ፣ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር በሰንበቴና በማኅበር ላይ ስለሚነገረው ቃል፣ ከታማሚዎቹም ጋር ተገናኝቶ መነጋገር አለበት። ማንንም ማዘዝ አይችልም፤ ሁሉንም ማሳመን ግን ይጠበቅበታል። በሽታውን በ1960ዎቹ የአገራችን አቆጣጠር ያጠናውና ስሙንም ያወጣለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በነበረበት ዘመን ስርጭቱን ለማወቅ ከተሠራባቸው መንገዶች አንዱ በገበያ ቀን ገበያተኛውን እየተመለከቱ ያበጠ እግር ያለውን መቁጠር ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬም ገንዘብ አይጠይቅም። አንዱን ወጣትዎን በሉማሜ ወይም በአማኑኤል ገበያ ሦስት ሳምንት ቢያቆሙት ከየት ቀበሌ ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠይቆ ይመለሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በር ላይ ያልተሰለፈውን ሕመምተኛ ያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋቸውን ሰዎች ላንሣ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበዋል፤ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በመላ አገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ የሆኑ። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ያለው የቤተሰብ ፎልደር፣ የየቤቱ የጤና መዝገብ፣ የእነርሱ ሥራ ነው። በየትኛው ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንዳቋረጠ፣ የትኛው አባወራ አጎበሩን ለእህል ማሰሪያ እንዳዋለው ፎልደሩን ሳይከፍቱ ይነግሯችኋል። ዐሥራ አምስት ዓመት አንድን ቀበሌ ያገለገለች ሴት የመሪነት ልምምዷን ያለ አሠልጣኝ ጨርሳለች። ሆኖም በጤና ጣቢያው የአፈጻጸም ክትትል ስብሰባ ላይ የምትጠራው ቁጥር እንድታመጣ ነው፤ ውሳኔ ሲወሰን ግን ወደ ቀበሌዋ እየተመለሰች ነው። የሙያ ሥልጠና ደረጃ አራት ተምረው የጨረሱ አሉ፣ በግላቸው ዲግሪ የያዙም አሉ። ተተኪ መሪ ስንፈልግ ዓይናችን ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የመጣውን ወንድ ልጅ ብቻ የሚያይበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎን ሦስት የለቀቁ ኃላፊዎች ዝርዝር ባየው ሦስቱም ወንዶች ሆነው እንደማገኛቸው እጠረጥራለሁ።

ስለ መልቀቃቸውም ባጭሩ ልበል። በብዙ ቦታ እንዳየሁት አንድ ጤና መኮንን ኃላፊ ሲሆን የተረኛነት ክፍያው ይቀርበታል፣ ስብሰባው ይበዛበታል፣ የመድኃኒት እጥረት ሲኖር የሚሰደበው እርሱ ይሆናል፤ ሹመቱም በወረዳው አስተዳደር ለውጥ ሊነሣ ይችላል። ደመወዝና ሹመት በእርስዎ እጅ ስላልሆነ በዚህ ላይ ብዙ ምክር የለኝም። በእጅዎ ያለው ሁለተኛውን ረድፍ ማብዛት ነው፤ አንዱ ሲሄድ የሚተኩት ሦስት ሲኖሩ መልቀቁ ያማል እንጂ አያሰናክልም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ የታየውም ይኸው ነበር፤ ከወረዳ ትእዛዝ መጠበቅ በማይቻልበት ሳምንት ጤና ጣቢያው የቆመው በውስጡ ራሳቸው መወሰን የለመዱ ሁለት ሦስት ሰዎች በነበሩበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ሲጀምር አራት ወይም አምስት ሰዎች ይምረጡ፤ ከእነርሱ ቢያንስ ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይሁኑ። በምርጫው ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፤ እኛ ጎጃሞች አንደበተ ርቱዕ ሰው እንወዳለን፣ በስብሰባ ላይ ነገር አሳምሮ የሚናገረው ልጅም ዓይናችንን ይስበዋል። እኔ ግን ሪፖርት ሲነበብ «ይህ 90 በመቶ ከስንት ሰው ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን፣ ወይም ጥፋቱን ራሱ ቀድሞ የሚናገረውን እመርጣለሁ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀበሌና አንድ ችግር ይስጧቸው። በአንዱ ቀበሌ ክትባት ጀምረው ያቋረጡ ሕፃናት፣ በሌላው በቤታቸው የሚወልዱ እናቶች፣ በሦስተኛው የእግር እብጠት ሊሆን ይችላል። የመነሻውን ቁጥር ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው ያምጡት፤ በኮምፒውተሩ የጤና መረጃ ሥርዓት፣ በዲኤችአይኤስ2፣ ላይ ያለውን ብቻ ገልብጠው ከመጡ ይመልሷቸው። ከጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢም በቦርዱ ፈቃድ መጠነኛ ገንዘብ ይመደብላቸውና አወጣጡን ራሳቸው ያስረዱ። ገንዘብ ሳይነካ ያደገ ኃላፊ የመጀመሪያውን የኦዲት ግኝት ሲያይ ይፈራል፤ ከዚያ በኋላ ነዳጅ ለመግዛት እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የእርስዎ ድርሻ ነው። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ከእነርሱ ጋር ብቻ ይቀመጡ፤ ያለ ፓወር ፖይንት፣ ያለ አበል፣ ከተቻለ በጤና ኬላው ውስጥ። እያንዳንዱ የሠራውን በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ። እርስዎ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ሌሎቹም ይጠይቁ፤ መልስ ለመስጠት ግን አይቸኩሉ። የወደቀ ሥራ ይዞ የመጣውን በሰው ፊት የወቀሱት ዕለት ልምምዱ ያበቃል፣ በሚቀጥለው ወር የሚያገኙት እንደ እኔ ነርስ 4፣ 5፣ 4፣ 6 ነው። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ የጤና ጣቢያ ኃላፊው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ከእነርሱ አንዱን ለሁለት ሳምንት በውክልና ያስቀምጡ፤ ማኅተሙንና የፊርማ ሥልጣኑን ሰጥተው ማለቴ ነው፤ ማኅተም ያልያዘ ተወካይ የሚማረው ባለጉዳይ ማስጠበቅን ብቻ ነው።

የአመራር ሥልጠናውንስ ምን እናድርገው ለሚሉት፣ አይተዉት፤ ቦታውን ግን ይለውጡት። አንድ ሰው ችግሩን ይዞ ስድስት ወር ከታገለ በኋላ የዕቅድና የክትትል ሥልጠና ቢወስድ ቃሉ ሁሉ ሥጋ ለብሶ ይታየዋል። በአገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና ውጤታማ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ከሁለቱ ዓመታት ሩብ ያህሉ በክፍል፣ ሦስት እጁ በመስክ ነው፣ ሠልጣኙም እውነተኛ ወረርሽኝ ላይ ከአማካሪ ጋር ይሠራል። ለወረዳ ባለሙያዎች የሚሆነው የሦስት ወር አጭር ሥልጠናም በዚሁ መንገድ የተቀረጸ ነው። ኮታ ሲመጣ ስም ከመላክዎ በፊት ሰውየው ከዚያ ተመልሶ የሚይዘውን ሥራ ይወስኑ።

እንግዲህ ስለ ጤና መኮንኗ። ይልቀቋት። ለማስቀረት ቢሞክሩ አንድ ዓመት ልቧ ሸፍቶ ትቀመጥና ትሄዳለች፤ ሌሎቹም ያንን አይተው ተስፋ ይቆርጣሉ። ይሁን እንጂ ከመሄዷ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቋት። አንደኛ፣ ደብረ ማርቆስም ትግባ ባሕር ዳር፣ የመመረቂያ ጥናቷን ርእስ ከእርስዎ ወረዳ ችግር እንድትመርጥ አብራችሁ ተነጋገሩ። በመደርደሪያዎቻችን ላይ ስለ «ስርጭቱና ተያያዥ ምክንያቶቹ» የተጻፉ ጥናቶች ሞልተዋል፤ መረጃው የተሰበሰበበት ወረዳ ግን ውጤቱን ሰምቶ አያውቅም። የእርሷ ውጤት በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ በአማርኛ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚቀርብ ይሁን። ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ግዴታ ውሉን ስታስፈርሟት ስትመለስ የምትይዘውን ሥራ በጽሑፍ ያስቀምጡላት፤ ውል ብቻውን ሰውን የሚያስረው እስከ ጊዜው ፍጻሜ ነው፤ የሚጠብቃት ሥራ መኖሩን ካወቀች ግን ለመመለስ ምክንያት ይኖራታል።

ሦስተኛው ርክክቡ ነው። ከምትተካት ወይም ከሚተካት ሰው ጋር ሁለት ሳምንት አብራ እንድትሠራ ያድርጉ፤ ከሞዴል 19ና 22 በተጨማሪም ሁለት ገጽ ትጻፍለት ወይም ትጻፍላት። በእነዚያ ገጾች ላይ በየቀበሌው ያለው ዋና ችግር፣ ጀምራው ያልጨረሰችው ሥራ፣ የምትታመነው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ያኮረፈው የቀበሌ ሊቀ መንበርና ያኮረፈበት ምክንያት፣ እንዲሁም ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጻፍ። ከለቀቁት ሦስት ኃላፊዎችም ስልካቸው የሚሠራውን ይደውሉላቸው፤ ቡና ጋብዘው ቢጠይቋቸው ያንኑ ሁለት ገጽ በቃል የሚነግሩዎት ይመስለኛል፤ እርስዎ ይጻፉት።